ለትንንሽ ልጆች የመጀመሪያው የጎልፍ ዱላ፦ ስናግ እና ዩኤስ ኪድስ ሲመዘኑ

የአምስት ዓመት ልጅ ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሣ ወገቡ ከተለመጠ፣ ሲመታ ደግሞ ተንገዳግዶ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ዱላው ከብዶታል። ወላጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ገና ነው፣ አልደረሰም» ይልና ዱላው ጥግ ተደግፎ ይቀራል። ያሳዝናል፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በልኩ የተሠራ መሣሪያ ከተሰጠው ኳስ መምታት ይችላል፣ ይወድማልም። እዚህ የምንገመግማቸው ሁለት የአሜሪካ ምርቶች ናቸው። ስናግ ዱላውንም ኳሱንም ጉድጓዱንም ለጀማሪ እንዲቀሉ አድርጎ ከነጭራሹ በአዲስ መልክ ሠርቷቸዋል። ዩኤስ ኪድስ ጎልፍ ደግሞ እውነተኛውን ዱላ በልጅ ቁመትና አቅም ልክ ያመርታል።

ለቸኮለ ሰው ፍርዳችን ይኸው፦ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ስናግ፤ ከአምስት ዓመት ተኩል ግድም ጀምሮ ከዩኤስ ኪድስ አንድ ፐተር (ኳስን መሬት ለመሬት ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ዱላ) እና አንድ ሰባት ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት የሆነ፣ ኳስን ወደ አየር የሚያነሣ ዱላ)። ሙሉ ስብስብ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም።

ወደ ሁለቱ ከመግባታችን በፊት ስለ መጋዝ እንነጋገር። የአዋቂ ዱላ ቆርጦ ለልጅ መስጠት ወጪ የሚያድን ስለሚመስል ብዙ ቤት ይደረጋል። የአዋቂ ሰባት ቁጥር አይረን ርዝመቱ 94 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲሆን ክብደቱ ከ400 ግራም ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ያለው ከታች፣ ኳሱን የሚመታው ብረት ላይ ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ የሚያጥረው ከእጀታው በኩል ስለሆነ ብረቱ አንድም ግራም አይቀንስም። ያጠረው ዘንግ ደግሞ ይገትራል፤ አዋቂ ሲመታ የሚሰጠው ትንሽ መለመጥ በልጅ እጅ ከናካቴው ይጠፋል። እጀታው ለአዋቂ መዳፍ የተሠራ ከሆነ የልጁ ጣቶች ዙሪያውን አይደርሱም፤ አጥብቆ መያዝ ስላልቻለ ክንዱን ሁሉ ያደርቃል። ውጤቱ በመጀመሪያ ያነሣነው ነው፦ ልጁ ክብደቱን ለማንሣት ሰውነቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ብረቱ ከኳሱ በፊት መሬት ይመታል ወይም ከኳሱ በላይ ያልፋል። ይህ ልማድ ከያዘው በኋላ ማስተው ለአሠልጣኝም ፈተና ነው። የተቆረጠ ፐተር ግን ችግር የለውም። ፐተር ስለማይወናጨፍ ክብደቱ ልጁን አይጥለውም፤ እጀታውን ብቻ በቀጭን ቀይሩለት።

ስናግ ስሙን ያገኘው «ጎልፍን አዲስ መጀመር» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ዱላዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ኳስ በአየር ለሚሄድበት ምት ሁሉ ላውንቸር የሚባለው፣ ኳስ መሬት ለመሬት ለሚንከባለልበት ደግሞ ሮለር የሚባለው። የሁለቱም ራስ ሰፊ ፕላስቲክ ነው። ኳሱ ከቴኒስ ኳስ ትንሽ ያነሰ፣ ቀላልና ጸጉራም ነው። ዒላማው ጉድጓድ ሳይሆን ቬልክሮ የለበሰ ቋሚ ነገር ነው፤ ፍላግስቲኪ ይሉታል። ኳሱ ሲነካው እንደ ጫማ ማሰሪያ ቬልክሮ ይጣበቅበታል።

የስናግ ትልቁ ዋጋ እዚህ ዒላማ ላይ ነው። የእውነተኛ ጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ከሦስት ሜትር ርቀት እዚያ ውስጥ ማስገባት ዕድል እንጂ ችሎታ አይሆንም። ደጋግሞ የሳተ ልጅ ደግሞ ዱላውን ጥሎ ቢራቢሮ ያሳድዳል፣ መብቱም ነው። የሚጣበቀው ዒላማ ግን ከወገቡ ቢነካም ከጠርዙ ቢነካም ኳሱን ይይዛል። ልጅቷ መታች፣ ተጣበቀ፣ ሮጣ ሄዳ በእጇ ፈልቅቃ አመጣች፤ ያ የመፈልቀቅ «ቅጭጭ» የሚል ድምፅ ራሱ ሽልማት ነው። ሌላው ጥቅም ኳሱ ቀላልና ጸጉራም በመሆኑ አየሩ ቶሎ ስለሚይዘው ሩቅ አይሄድም። እውነተኛው ኳስ እስከ 45.93 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ነገር ነው፤ ከጎረቤት መስኮትና ከወንድም ግንባር ጋር አይስማማም።

ምርቱ በዋናነት ለትምህርት ቤትና ለክለብ በብዛት እንዲሸጥ የተሰናዳ ነው። ለአንድ ቤት ትልቁን ጥቅል መግዛት ከንቱ ወጪ ይሆናል። አንድ ላውንቸር፣ አንድ ሮለር፣ ስድስት ኳስና አንድ ዒላማ ይበቃል፤ ኳሱ የሚቀመጥበት ምንጣፍ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ከፍ ያለ የጎማ ቲ፣ ማለትም ኳስን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚይዝ ማስቀመጫ፣ ይተካዋል። ወንድምና እህት ካሉ ዱላውን አንድ አድርጋችሁ ኳሱን አብዙ። ሁለት ዱላ በአንድ ግቢ ሁለት ሰይፍ ይሆናል።

አጀማመሩ ከዒላማው ወደ ኋላ ነው። ሮለሩን ይዛ ከዒላማው አንድ ሜትር ላይ ትቁም። እግሮቿ በትከሻዋ ስፋት ይከፈቱ፣ ኳሱ በሁለቱ እግሮች መሀል ይሁን። ከአምስት ኳስ ሦስቱ ሲጣበቁ አንድ ሜትር ወደ ኋላ፤ ካልተጣበቁ እዚያው። አራት ሜትር ከደረሰች በኋላ ላውንቸር ይሰጣታል። መጀመሪያ ኳስ ሳይኖር ዱላውን ሣሩ ላይ እንድታመላልሰው አድርጉ። «ግቢ ጥረጊ» በሏት፤ ይህች አንዲት ቃል ከአሥር ማብራሪያ ትበልጣለች። መጥረጊያ የያዘ ልጅ ታችኛውን ጫፍ መሬት አስነክቶ ያሳልፋል፣ ልክ የሚፈለገው ይኸው ነው። ከዚያ ኳሱ ይቀመጥና ዱላው ከጉልበት እስከ ጉልበት ብቻ ይወዛወዝ። ቀጥሎ ከወገብ እስከ ወገብ። ሙሉ ምት የሚመጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። በሙሉ ምት መጨረሻ ላይ ሆዷ ወደ ዒላማው ዞሮ፣ የኋላ ጫማዋ ሶል ለእናንተ ከታየ ሚዛኗን ጠብቃለች ማለት ነው። «ሶልሽን አሳዪኝ» የሚለው ትእዛዝ ጨዋታ ስለሚመስላት ትፈጽመዋለች።

አያያዝ ላይ አንድ የኛ አገር ነገር አለ። የገና ጨዋታ ያየ ወይም የሞከረ ልጅ ቆልማማውን ዱላ እጆቹን አራርቆ ይይዛል፤ ሩሯን ለመምታትም፣ ዱላውን ከሌላ ዱላ ለማስጣልም ይመቻል። በጎልፍ ግን እጆች ከተራራቁ ታችኛው እጅ ዱላውን ይገፋዋል፣ የኳሱም አቅጣጫ ይበላሻል። ሁለቱ እጆች ይነካኩ፤ ቀኝ መቺ ከሆነ ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች። አዋቂዎች እንደሚያደርጉት ጣት ከጣት ማቆላለፍ ለትንሽ መዳፍ አይሆንም። አሥሩም ጣቶች እጀታው ላይ ይረፉ። ግራኝ ልጅን ወደ ቀኝ አታስገድዱት፤ ለመለየት መጥረጊያ ሰጥታችሁ በየት በኩል ቆሞ እንደሚጠርግ ተመልከቱ።

የስናግ ጉድለቶችም አሉ። እርጥብ ሣር ላይ ኳሱ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ መጣበቁንም ይቀንሳል። በክረምት ጠዋት ወይም ውኃ ከጠጣ ሣር ላይ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ጣዕሙን ያጣል። የዒላማው ቬልክሮ ሣርና ጸጉር ይሰበስባል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች መቦረሽ ይመልሰዋል። ኳሱ ራሱ ጸጉሩ ሲያልቅ መተካት አለበት። ዋናው ጉድለት ግን የሚታየው ወደ እውነተኛው ጎልፍ ሲሻገሩ ነው። ሰፊ ራስና ትልቅ ኳስ የለመደ፣ ከፍ ካለ ቲ ላይ ብቻ ሲመታ የቆየ ልጅ መሬት ላይ የተቀመጠ ትንሽ ኳስ ሲሰጡት ለሳምንታት ይስታል። ይህን ድንጋጤ ለማለዘብ አንድ መሸጋገሪያ አስገቡ፦ እውነተኛው ዱላ ከስፖንጅ ኳስ ጋር። የስፖንጅ ኳስ መጠኑ ከእውነተኛው ጋር እኩል ነው፣ መስኮት አይሰብርም፣ ሲመታም የት እንደተነካ ይታወቃል። ቲውንም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዝቅ አድርጉ።

ወደ ዩኤስ ኪድስ እንሂድ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተ፣ ለልጆች ብቻ የሚሠራ ነው። በሰሜን ካሮላይና ፓይንኸርስት የሚካሄደው የልጆች የዓለም ሻምፒዮናም የእርሱ ነው። ለጀማሪ የሚሆነው አልትራላይት የሚባለው መስመር ነው፤ ራሱም ዘንጉም ቀሎ የተሠራ፣ እጀታውም የቀጠነ። ቱር ሲሪስ የሚባለው ደግሞ ከበድ ስለሚል ፈጥኖ ለሚመታና ለሚወዳደር ልጅ ነው፤ ለጀማሪ እንዳትገዙት።

የሚያስመሰግነው ነገር የልኩ አሰጣጥ ነው። ሌሎች ብዙ አምራቾች «ከ3 እስከ 5 ዓመት» ብለው ይጽፋሉ። ሁለት የአምስት ዓመት ልጆች ግን በቁመት አሥር ሴንቲ ሜትር ሊበላለጡ ይችላሉ። እዚህ ዱላው ላይ ያለው ቁጥር የልጁ ቁመት በኢንች ነው፤ በየ3 ኢንቹ አንድ ልክ አለ። ለሴንቲ ሜትር ለለመደ ሰው፦ 39 ማለት 99 ሴንቲ ሜትር፣ 42 ማለት 107፣ 45 ማለት 114፣ 48 ማለት 122፣ 51 ማለት 130 ግድም ነው። ልጁን ጫማ አድርጎ ከግድግዳ ጋር አቁሙት፣ መጽሐፍ አናቱ ላይ አግድሙ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ለኩ። በሁለት ልክ መሀል ከወደቀ አነስተኛውን እንመርጣለን። ለጥቂት ወር ያጠረ ዱላ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የረዘመ ዱላ ግን በየቀኑ ስሕተት ያስተምራል።

«ያድግበታል» ብሎ አንድ ሁለት ልክ ጨምሮ መግዛት ለጫማና ለሹራብ የምንጠቀምበት ብልሃት ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም። የረዘመውን ዱላ ልጁ ከእጀታው ዝቅ ብሎ ሲይዘው ትርፉ ጫፍ ሆዱን ይወጋዋል፣ ስለዚህ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ክንዶቹን ወደ ፊት ይዘረጋል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ መያዝ ይቻላል። ከአምስት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን ዱላው የሌላ ልጅ ነው። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን ሰባት ቁጥሩን አይረን ከጎኑ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። የእጀታው ጫፍ ቀበቶው አካባቢ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ከደረሰ ልኩ ነው፤ ደረቱ ላይ ከደረሰ መልሱት። ሁለተኛው ፈተና ጥንካሬን ያያል፦ ልጁ ዱላውን በአንድ እጁ ከእጀታው ይዞ በአግድም ወደ ፊት ዘርግቶ እስከ አምስት ይቁጠር። ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ከብዶታል።

በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። አንድ ልክ ከ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ስለሚበልጥ ዱላው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያገለግላል። በተናጠል ግዙ የምንለው ለዚህ ነው። ፐተርና ሰባት ቁጥር አይረን ለአንድ ዓመት ይበቃሉ። ሦስተኛ ከጨመራችሁ ፊቱ በደንብ ወደ ኋላ ያጋደለ የእንጨት ክፍል ዱላ ይሁን፤ «እንጨት» የምንለው በስም ነው፣ ዛሬ የሚሠራው ከብረትና ከመሰሉ ነገሮች ነው። ድራይቨር፣ ማለትም ኳስን ከሁሉ አርቆ ለመምታት የሚሠራውን ረጅም ዱላ፣ ለዚህ ዕድሜ አንመክርም። የአዋቂ ድራይቨር ፊት የሚያጋድለው 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኳስን በዚህ አነስተኛ ማዕዘን አየር ላይ ለማቆየት ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ልጁ ያ ፍጥነት የለውም። ሰባት ቁጥር አይረን ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚያጋድል ቀስ ብሎ ለሚመታ ልጅም ኳሱን ያነሣለታል። ኳስ ሲነሣ ማየት ደግሞ ልጁን ነገም ይመልሰዋል።

የአልትራላይት ድክመት ቅለቱ ራሱ ነው። ጠንከር ያለ የሰባት ዓመት ልጅ የዱላው ራስ ክብደት ስለማይሰማው በእጁ ብቻ መንጠቅ ይጀምራል፣ ኳሱም ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ይህን ካያችሁ ወደ ቀጣዩ ልክ ወይም ወደ ከባዱ መስመር የመሻገሪያው ጊዜ ነው። የግራፋይት ዘንግ ሲመቱበት ይበረታል፤ እንደ ምርኩዝ ሲደገፉበት፣ መኪና በር ውስጥ ሲያዝ ወይም ዛፍ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ዘንግ በፕላስተር ጠቅልሎ ማስመታት አይገባም፤ በምት መሀል ተበጥሶ የዱላው ራስ ሊወረወር ይችላል። ያገለገለ ስትገዙ ጥፍራችሁን በዘንጉ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኪዱ፣ ስንጥቅ ካለ ይይዛችኋል። እጀታው ካንሸራተተ በለብታ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። ያ ካልመለሰው እጀታ መቀየር ርካሽ ሥራ ነው።

ለሁለት ዓመት ሕፃን የሚሸጠው የአሻንጉሊት ስብስብ፣ ሎሚ የሚያክል ኳስና ጥፍጥፍ ዱላ ያለው፣ ጥሩ አሻንጉሊት ነው፤ ከዚያ ያለፈ አትጠብቁበት።

ከመሣሪያው ምርጫ ይልቅ ልጅን የሚጎዳው የአቋቋም ቸልተኝነት ነው። ዱላ የያዘ ልጅ ዙሪያውን አያይም። ስለዚህ መቺዎች እርስ በርሳቸው ሦስት ሜትር ይራራቁ። ተራ የሚጠብቅ ልጅ መሬት ላይ በገመድ ወይም በቀለበት በተሠራ ክብ ውስጥ ይቁም፣ ክቡ ከመቺው ጀርባ ሳይሆን በፊቱ ትይዩ፣ እርሱ በሚያየው በኩል፣ ኳሱ ከሚሄድበት አቅጣጫ ውጭ ይሁን። ግራኝ ካለ በሰልፉ ጫፍ አስቀምጡት፤ መሀል ከገባ ከጎረቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ይገጥማሉ። ኳስ መልቀም ሁሉም መትቶ ዱላውን መሬት ካስቀመጠ በኋላ፣ «ሂዱ» ሲባል ብቻ ነው። ይህችን ሕግ በመጀመሪያው ቀን ያላስከበረ ሰው በሁለተኛው ቀን አያስከብራትም።

ጊዜውን አሳጥሩ። ለአራት ዓመት ልጅ 20 ደቂቃ፣ ለስድስት ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አርሙ፤ እጅን ካረማችሁ እግርን ለሌላ ቀን ተዉት። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ፐተርና የስፖንጅ ኳስ ይዞ መሥራት ይቻላል። ሰፌድ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ኳሱን አንሥቶ እንዲያሳርፍበት ማድረግም ከሁለት ሜትር ርቀት ጀምሮ ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ብርጭቆ በጎኑ አስተኝቶ እንደ ጉድጓድ መጠቀም ግን ጥሩ አይደለም፤ አፉ ከጉድጓዱ ይጠባል፣ ብርጭቆም ይሰበራል።

ከቤት ውጭ የመጀመሪያው ጉዞ ሚኒ ጎልፍ ቢሆን እንመርጣለን። ዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ በሄይንስ ፖይንት የሚገኘው የኢስት ፖቶማክ ሚኒ ጎልፍ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኖረ፣ ከአገሪቱ ጥንታውያን አንዱ ነው። ሳትሄዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ትምህርቱን በቡድን ለሚፈልግ ፈርስት ቲ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። የልጁን ዱላ ልክ ግን ቀድማችሁ ለክታችሁ ሂዱ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ድራይቭ፣ ቺፕ ኤንድ ፐት በሚባለው ከ7 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች በተዘጋጀ ውድድር መመዝገብ ይችላል፤ ፍጻሜው የሚደረገው የማስተርስ ውድድር በሚካሄድበት በኦገስታ ናሽናል የጎልፍ ሜዳ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የልጅ ልክ ዱላ ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ማስመጣት የተለመደው መንገድ ነው። ለአምጪው ሁለት ነገር ንገሩት። የልጁን ቁመት በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በኢንች ጽፋችሁ ላኩ፤ ሴንቲ ሜትሩን ለ2.54 አካፍሉ። የጎልፍ ዱላ የልጅም ቢሆን ከአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ አያልፍም፣ ስለዚህ በሚጫነው ሻንጣ መሀል ልብስ ተጠቅልሎበት ይግባ። የ42 እና የ45 ልክ ዱላዎች አጫጭር ስለሆኑ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በአግድም ወይም በሰያፍ ይገባሉ። ስናግን ለማስመጣት የሚያስቸግረው የዒላማው ስፋት ነው። ዱላዎቹንና ኳሶቹን ብቻ አስመጥታችሁ ዒላማውን እዚሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ ሻካራውን፣ መንጠቆ ያለውን የቬልክሮ ወገን በሜትር ገዝታችሁ በፕላስቲክ ባልዲ ዙሪያ ለጥፉት፣ ነፋስ እንዳይጥለው ባልዲው ውስጥ አሸዋ ጨምሩ።